ቦቢ እግሩን ስነካው ያጉረመርማል፤ የክትባቱ ጊዜ ደግሞ እየደረሰ ነው

ጠያቂዋ፦ ሰላም ወገኖች። ቦቢ የ3 ዓመት ያበሻ ውሻ ነው። ልጆቹ ጀርባውን ሲያሹት ደስ ይለዋል። ችግሩ እግሩና ጆሮው ጋ ስንደርስ ነው። አምና ለክትባት ወስደነው ሦስት ሆነን መሬት ላይ ተጭነን ያዝነው። ከዚያ ወዲህ እግሩን ስነካው ያጉረመርማል። ባለፈው ሳምንት መዥገር ልነቅልለት ስል ጥርሱን አሳየኝ። ባለቤቴ "ምቺው፣ አለዚያ ይለምድበታል" ይላል። እኔ ግን አንጀቴ አልቻለም። የእብድ ውሻ ክትባቱ 5 ሳምንት ቀርቶታል። ምን ላድርግ?

የሦስት ውሾች እናት፦ እህቴ፣ እባክሽ እንዳትመቺው። ማጉረምረሙ "ፈርቻለሁ፣ ተዪኝ" ማለቱ ነው። በዱላ ካስተውሽው የሚጠፋው ማስጠንቀቂያው እንጂ ፍርሃቱ አይደለም። ያኔ ሳያጉረመርም ይነክሳል፤ ቤቱ ደግሞ ልጆች አሉበት።

የእኔዋም እንዲሁ ነበረች። ጉበት ቀቅዬ የጥፍር ያህል ቆራረጥኩ። ትከሻዋን ነካ አደርጋለሁ፣ ወዲያው ጉበት። ቅደም ተከተሉን ልብ በይ፦ መጀመሪያ መንካት፣ ከዚያ ምግብ። ምግቡን አስቀድመሽ ካሳየሽው ምግብ ባየ ቁጥር መጠራጠር ይጀምራል። አንዴ ከ2 ደቂቃ አይበልጥ፤ በቀን ሁለት ሦስቴ ይበቃል። ከትከሻዋ እስከ ጥፍሯ ለመውረድ 10 ቀን ፈጀብኝ። ጥፍር መቁረጫውን ደግሞ 3 ቀን ሙሉ አጠገቧ አስቀምጬው ብቻ ነው የሰነበትኩት።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። እጄን መቼ ማንሳት እንዳለብኝ በምን አውቃለሁ?

የእንስሳት ሐኪም ከሐዋሳ፦ ከማጉረምረሙ በፊት ብዙ ይናገራል። ከንፈሩን ይልሳል፣ እንቅልፍ ሳይኖረው ያዛጋል፣ ፊቱን ያዞራል፣ የዓይኑ ነጭ ይታያል፣ ድርቅ ይላል። አንዱን ካየሽ አቁሚ። በሚቀጥለው ቀለል ካለው ጀምሪ።

አገጩን የታጠፈ ፎጣ ላይ እንዲያሳርፍም አስተምሪው። አገጩ እስካረፈ ትነኪዋለሽ፤ ሲያነሳ ታቆሚያለሽ። ማስቆም እንደሚችል ሲገባው ብዙ ይታገሳል። ከዚያ ቆዳውን ቆንጠጥ ማድረግ፣ ቀጥሎ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ማስጠጋት።

ጉበቱን በደንብ ቀቅይው። ጥሬ ጉበትና ሳንባ የበላ ውሻ የሚይዘው ትል አለ፤ እንቁላሉ ወደ ሰው ሲገባ ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ያመጣል። መዥገሩን በጋዝም በእሳትም አትንኪው። በወረንጦ ቆዳው ጋ ይዘሽ ቀጥ አድርገሽ ሳቢው።

5 ሳምንቱ ካልበቃሽ ክትባቱን እንዳታሳልፊ። አስቀድመሽ ለሐኪሙ ንገሪው፤ ለፈሪ ውሻ የሚታዘዝ ማረጋጊያ አለ። የሰው መድኃኒት ግን በፍጹም። ምናልባት ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ ወዲያው ጤና ጣቢያ ሂዱ።

አዳማ ነኝ፦ እኛ ውሻችንን ከክትባቱ በፊት ሁለቴ ክሊኒኩ በር ድረስ ወስደነው ጉበት አብልተን ብቻ ተመለስን። በሦስተኛው እሱ ነው ገመዱን ጎትቶ ያስገባን።

ጠያቂዋ፦ ዛሬ 9ኛ ቀናችን ነው። ክርኑን አልፈናል! ትናንት ባለቤቴ ራሱ ጉበት ሲቆርጥ አገኘሁት። ብቻ ቦቢ አገጩን ፎጣው ላይ ሲያሳርፍ ጋደም ይላል። ላስነሳው?

የእንስሳት ሐኪም ከሐዋሳ፦ ተዪው ይጋደም። ለጥፍሩም እንደዚያ ይመቻል። ጫፉን ብቻ ቁረጪ፤ ውስጡ የደም ሥር አለ። በቀን አንድ ጥፍር ይበቃል።