አንዲት ፋይል ሬፖዬን (የኮዴን ማከማቻ) ጣጣ ውስጥ ከተተችብኝ

ቁልፍ_ሰሌዳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለአንድሮይድ የአማርኛ ኪቦርድ እየሠራሁ ነው፣ ኮዱ በአፓቼ 2.0 ነው የተለቀቀው፣ ብዙ ግዴታ በሌለው ልል ላይሰንስ (የአጠቃቀም ፈቃድ) ማለት ነው። ከሦስት ወር በፊት አንድ ልጅ የፊደል ማረሚያውን የሚያፈጥን ፑል ሪኩዌስት (ኮዴ ውስጥ እንዳስገባው የቀረበ ለውጥ) ላከልኝ፤ ሞከርኩት፣ በጣም ፈጠነ፣ ደስ ብሎኝ መርጅ አደረግኩት (ከኮዴ ጋር አዋሃድኩት)። ትናንት ፋይሏን ስከፍት አናቷ ላይ «ጂፒኤል ስሪት 2» ይላል፤ ኮዱ የገባበት ፕሮግራም በሙሉ በዚያው ላይሰንስ ይውጣ የሚል ላይሰንስ ነው። ለካ ከሌላ ፕሮጀክት ገልብጦ ነው። ምን ይሻለኛል? ሁሉንም ወደ ጂፒኤል ልቀይር ወይስ ጽሑፉን አጥፍቼ ዝም ልበል? ፎንቱ ደግሞ አቢሲኒካ ነው፣ የሱም ላይሰንስ ሌላ ነው።

ቡና_በጨው፦
ማጥፋቷን እንዳትሞክራት! የኮፒራይት ማስታወቂያው እንዳይነካ ጂፒኤል ራሱ ያዛል፣ አሁን ስህተት ነው፣ ያኔ ግን ሆን ብሎ መደበቅ ይሆናል። ይልቅ ጽሑፉን እስከ ታች አንብበው። «ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ስሪት» የሚል ካለ ተገላገልክ፤ ስሪት 3ን ትመርጣለህ፣ አፓቼ 2.0 ከስሪት 3 ጋር ይስማማል። ግን መንገዱ የአንድ አቅጣጫ ነው፣ አፓቼው ጂፒኤል 3 ውስጥ ይገባል እንጂ ጂፒኤሉ አፓቼ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ አፑ በጠቅላላው በጂፒኤል 3 ይወጣል ማለት ነው።

ስሪት 2 ብቻ ከሆነ ግን አይሆንም። አፓቼ በፓተንት (በፈጠራ ባለቤትነት መብት) የከሰሰ ሰው በዚያ ሥራ ላይ የተሰጠው የፓተንት ፈቃድ ይቋረጥበታል ይላል። ጂፒኤል 2 ደግሞ እኔ ካስቀመጥኩት ውጪ ሌላ ገደብ አትጨምሩ ባይ ነው። ጠቡ እዚያ ላይ ነው። ሬፖውን ጂፒኤል 2 ብታደርገውም የምትጠቀምባቸው የሌሎች ሰዎች አፓቼ ላይብረሪዎች (ዝግጁ የኮድ ስብስቦች) አሉ፣ የነሱን ላይሰንስ አንተ መቀየር አትችልም።

ቁልፍ_ሰሌዳ፦
አየሁት። «ወይም» የሚል ነገር የለውም። ወይ ጣጣዬ።

ሌሊት_ኮደር፦
ወንድሜ ለኮዱ ባለቤት ጻፍለት። መብቱ የሱ ስለሆነ ያችኑ ፋይል ላንተ በኤምአይቲ (ከአፓቼ ጋር በሚስማማ ልል ላይሰንስ) ሊሰጥህ ይችላል። ብዙ ሰው የነካካት ከሆነ ግን የሁሉም እሺታ ያስፈልግሃል። የቪኤልሲ (የቪዲዮ ማጫወቻው) ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ሞተሩን ከጂፒኤል ወደ ኤልጂፒኤል (ላላ ወዳለው የጂፒኤል ዓይነት) ሲያዛውሩ የድሮ ኮድ ጸሐፊዎችን እየፈለጉ ፈቃድ ሲለምኑ ነበር። መልስ እስኪመጣ ፋይሏን አውጣት፣ የድሮዎቹን ኤፒኬዎችም (የአፑን መጫኛ ፋይሎች) ከማውረጃ ገጹ አንሳ።

ራሴ እጽፈዋለሁ ካልክ ደግሞ ያችን ፋይል ጎን ከፍተህ እያየህ አትጻፍ። የቫሪያብል ስም መቀየር አዲስ ኮድ አያደርገውም፣ ያላየው ሰው ቢጽፈው ነው የሚሻለው።

ለፎንቱ አትጨነቅ። በኤስአይኤል የፎንት ላይሰንስ ነው የወጣው፣ ከአፕ ጋር አብሮ መሄድ ይፈቀድለታል። የላይሰንሱን ጽሑፍ አብረህ አስቀምጥ፣ ፎንቱን ብቻውን አትሽጥ፣ በቃ።

ቁልፍ_ሰሌዳ፦
ጻፍኩለት፣ ደግነቱ ፋይሏን የጻፋት አንድ ሰው ብቻ ነው። ለጊዜው አውጥቻታለሁ። አሁን ኪቦርዱ «ሰላም» ብላችሁ ስትጽፉ ሦስት ሰከንድ ያስባል።