ሙስሊም እንግዶችን ስሜን ተራሮች ስንወስድ፦ ሐላሉም ተጠብቆ፣ ተራራውም ሳይቆሽሽ እንዴት?

ጠያቂ (አስጎብኚ፣ ጎንደር)

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም። ከውጭ የሚመጡ ሙስሊም ቤተሰቦች ፋሲል ግቢን ካዩ በኋላ ስሜን ወጥተው ማደር ይፈልጋሉ። መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ሥጋው ሐላል ነው ወይ፣ ለውዱእ (ከሶላት በፊት ለሚደረገው መታጠብ) የሚሆን ውኃስ አለ ወይ ብለው ነው። ከተማ ውስጥ ሐሳብ የለኝም፤ የጎንደሩ የሙስሊሞች ሰፈር አዲስ ዓለም እያለ ሐላል ምግብ አይቸግርም። ጭንቁ ተራራው ላይ ነው።

እስካሁን የማየው አሠራር ደስ አይለኝም። ሐላል ይሁን ተብሎ በግ ካምፕ ድረስ ተነድቶ እዚያው ይታረዳል፤ ፈርሱና አንጀቱ ቁጥቋጦ ሥር ይጣላል። ለውዱእና ለኢስቲንጃ (ከተጸዳዱ በኋላ ለመታጠብ) ተብሎ ደግሞ ሃይላንድ በካርቶን ይጫናል፣ ባዶው ፕላስቲክ ጓሳው ላይ ይቀራል። ፓርኩ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1978 የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበ ነው። ከ1996 እስከ 2017 ግን አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ውስጥ ነበር። ስንት ተለፍቶ ከዚያ ወጥቶ፣ አሁን በሐላል ስም ቆሻሻ ስንጨምርበት ያመኛል። ልምድ ያላችሁ እስቲ ምከሩኝ።

መልስ 1 (ምግብ አብሳይ፣ ደባርቅ)

ወንድሜ፣ ጥሩ ነገር አነሳህ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ግን ሙስሊም እንግዶችን ይዤ ስወጣ ቆይቻለሁ። በጉን ካምፕ ላይ ማረድ ይቅር። ምክንያቱን ልንገርህ። አብረን የምንወጣው ስካውቱ (የፓርኩ ጠባቂ)፣ በቅሎ ጫኚው፣ እኔም አብዛኞቻችን ክርስቲያን ነን፤ ሙስሊም ያረደውን በልማድ አንበላም። ስለዚህ አራትና አምስት እንግዳ አንድ ሙሉ በግ ይዞ ይቀራል። ግማሹ ይጣላል። የሳንቃበር ካምፕ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ ማታ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ የተጣለው ቶሎ አይበሰብስም። ቁራው እየጎተተ ካምፑን ይሞላዋል።

እኔ የማደርገው፣ ዋናውን ምግብ ሁላችንም የምንበላው አደርገዋለሁ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንች። የጾም ምግብ ለሙስሊምም ለክርስቲያንም ይሆናል፤ አንድ ድስት፣ አንድ እሳት። ሥጋ ካማራቸው ከጎንደር ተዘጋጅቶ ይምጣ፣ እሱን በራሳቸው መጥበሻ አሞቅላቸዋለሁ። መጥበሻውን ለብቻ ያዝላቸው፣ በዚህ አትሳሳ፤ የሌላ ሥጋ የነካው ዕቃ ሲያዩ ቅር ይላቸዋል፣ እውነታቸውንም ነው።

ማብሰያው ቡታጋዝ ይሁን። እሳት አንድዱልን የሚል እንግዳ አይጠፋም፤ ግን ያ የአስታ ዛፍ እስኪያድግ ስንት ዘመን ይፈጃል፣ ደግሞም ፓርክ ውስጥ እንጨት መቁረጥ ክልክል ነው። ለልጆቹም አስቀድመህ ንገራቸው፣ ጭላዳ ሣር በላተኛ ነው፣ ብስኩት አይወረወርለትም።

መልስ 2 (ምግብ አዘጋጅ፣ አዲስ ዓለም)

ልጄ፣ ሥጋውን ለኔ ተወው። ተራራ ለሚወጣ ሰው ቋንጣ እያለ ለምን በግ ይነዳል? ሥጋው ከሙስሊም ሥጋ ቤት ይገዛል። በረጅሙ ይዘለዘላል፣ ጨውና በርበሬ ይታሻል፣ ዝንብ በማይደርስበት ገመድ ላይ ይሰቀላል። በጣትህ ስታጥፈው ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። በረዶ አይፈልግ፣ ሳጥን አይፈልግ፣ በጨርቅ ከረጢት ይያዛል። አብሮ ድርቆሽ አደርግልሃለሁ። የተረፈች እንጀራ ፀሐይ ላይ ትደርቃለች፣ ተራራው ላይ ቋንጣ ፍርፍር ትሆናለች። ለመንገድ በሶና ቆሎ ይጨመር። ይሄ ሁሉ በፌስታል መታሰር የለበትም፤ በሶው በቆርቆሮ፣ ቆሎው በጨርቅ።

አላህ ብሉ ጠጡ፣ አታባክኑ ነው ያለው። ሰው ግን ብሉ የሚለውን ይዞ አታባክኑ የሚለውን ይረሳዋል። ምግቡ ሐላል ነው ብሎ ግማሹን የሚደፋ እንግዳ ሳይ ሆዴን ይበላኛል።

መልስ 3

ውኃው ከሆነ ችግሩ ለምን ተየሙም (በውኃ ፈንታ በንጹህ አፈር ማበስ) አያደርጉም? ፕላስቲክ ከመጫን ይሻላል።

መልስ 4 (የመድረሳ አስተማሪ፣ ጎንደር)

ወንድሜ፣ እንዲሁ አይሆንም። ተየሙም ውኃ ሲታጣ፣ ወይም ያለው ለመጠጥ ብቻ ሲበቃ፣ ወይም ውኃው ሲጎዳ ነው። ካምፖቹ አካባቢ ምንጭ እያለ ወደዚያ አንዘልም። ግን ብዙ ውኃ ያስፈልጋል ያለው ማነው? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ሙድ ማለት ሁለት እጅ ሙሉ እፍኝ ነው፣ ከግማሽ ሊትሯ ሃይላንድ ትንሽ ቢበልጥ ነው። እኛ ግን ሆቴል ውስጥ ቧንቧውን ለቀን ፀጉራችንን እያበስን ስንት ጆግ እናፈሳለን። ያውም ጎንደር ላይ፣ ሰፈሩ ጀሪካን ደርድሮ ውኃ በሚጠብቅበት ከተማ።

ስለዚህ ለያንዳንዱ እንግዳ አንድ ኮዳ፣ ለሁሉም አንድ ትልቅ ጀሪካን ይበቃል። ከምንጩ ይቀዳል፣ ራቅ ተብሎ ውዱእ ይደረጋል። እግር ምንጩ ውስጥ አይነከርም፣ ሳሙናም ወደ ወራጁ አይለቀቅም፤ ያ ውኃ ወደ ተከዜ እየወረደ ነው፣ ከታች ሰውም ከብትም ይጠጣዋል። መጸዳጃውም እንደዚያው። ውኃ መቅጃ፣ መንገድና ጥላ ሥር መጸዳዳት በሐዲስ በግልጽ የተወገዘ ነው። ይሄን ለእንግዶቹ ስትነግራቸው የፓርክ ደንብ ብቻ አድርገህ አትንገራቸው። የዲናቸው ነው፣ ሲሰሙት ደስ ይላቸዋል።

ቂብላው፣ ለሶላት የሚዞሩበት የመካ አቅጣጫ፣ ከጎንደርም ከስሜንም ወደ ሰሜን ነው፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ይላል። መንገደኛ ስለሆኑ በብዙ ሊቃውንት ዘንድ የቀትሩን ሶላት ዙህርን ከሰዓት በኋላ ካለው ከዐስር ጋር ማጣመር ይችላሉ፤ በየሰዓቱ ጉዞ አቁም ብለው አያስጨንቁህም።

ጠያቂ

ጀዛኩሙላሁ ኸይር፣ እግዜር ይስጥልኝ። በተለይ የሠራተኛው ምግብ ነገር አስቤው አላውቅም ነበር። ሽሮው ለሁሉም፣ ቋንጣው ከአዲስ ዓለም፣ ውኃው በኮዳና በጀሪካን። ለእንግዶቹ ሳይመጡ በፊት እጽፍላቸዋለሁ። እናቴ፣ ቋንጣውን ስንት ቀን ቀድሜ ልንገርዎት?

መልስ 2

በበጋ ሳምንት ቀድመህ ንገረኝ። ክረምት ከሆነ ግን ከዚያም ቀደም በል፣ ዝናብ ሲሆን አይደርቅም፣ ያልደረቀ ደግሞ አልሰጥህም። ስንት ሰው እንደሆኑና በርበሬ የማይችሉ ልጆች ካሉ አብረህ ንገረኝ፣ ለነሱ አልጫ አደርገዋለሁ።