የእናቴ የሽንት ምርመራ ውጤት ምን ያመለክታል?

ጠያቂ፣ ከኮምቦልቻ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የ56 ዓመት እናቴ የምትኖረው ሐርቡ ነው። በረመዳን ለደም ግፊት ክትትሏ ወደ ከተማ መጥታ ሳለ ሽንቷም ተመርምሮ ነበር። በወረቀቱ ላይ ነጭ የደም ሴል ከ8 እስከ 10፣ ቀይ የደም ሴል ከ5 እስከ 7፣ ኤፒተሊያል ሴል ብዙ፣ ፕሮቲን አንድ ፕላስ፣ ኪቶን አንድ ፕላስ፣ ናይትራይት ኔጌቲቭ ይላል። ሽንት ስትሸና አያቃጥላትም፤ ትኩሳትም ሆነ የጎን ሕመም የላትም። «ኢንፌክሽን ነው» ተብሎ ሲፕሮ የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ቢታዘዝላትም ገና አልጀመረችም። ይህ ውጤት ስለ ሽንት ቧንቧዋና ስለ ኩላሊቷ ምን ይናገራል?

የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ከደሴ

እናትዎን አላህ ያሽርልዎ። እኔ ከሁሉ በፊት ዓይኔ ያረፈው «ኤፒተሊያል ሴል ብዙ» በሚለው ላይ ነው። እነዚህ ሴሎች በብዛት የሚታዩት ሽንቱ በሚወሰድበት ጊዜ ከቆዳና ከብልት አካባቢ የሚመጣ ነገር ሲቀላቀልበት በመሆኑ፣ ነጭ የደም ሴሉም አብሮ ገብቶ ሊሆን ይችላል። በማይክሮስኮፕ በአንድ እይታ እስከ 5 የሚደርስ ነጭ የደም ሴል አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጤናማ ስለሚቆጠር፣ 8 ወይም 10 መገኘቱ ብቻውን ኢንፌክሽን አለ አያሰኝም።

ናሙናው እንደገና ይሰጥ። እናትዎ በንጹሕ ውሃ ታጥበው፣ የመጀመሪያውን ሽንት ወደ ውጭ ለቀው፣ መካከለኛውን ብቻ በንጹሕ ዕቃ ይቀበሉ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥም ለላቦራቶሪ ይድረስ። ከቤት በጠርሙስ ተይዞ በቆላው ሙቀት በታክሲ የሚመጣ ሽንት፣ ባክቴሪያው በመንገድ እየተራባ ሴሎቹም እየፈረሱ ስለሚደርስ፣ የሚያሳየው የናሙናውን አያያዝ እንጂ የሰውየውን ጤና አይሆንም።

ባክቴሪያ ሽንት ውስጥ የሚፈጥረው ናይትራይት ኔጌቲቭ መሆኑ (አለመገኘቱ) መልካም ምልክት ቢሆንም፣ አንዳንድ ባክቴሪያ ጭራሹን ስለማይፈጥረው፣ ሽንቱም ፊኛ ውስጥ አራት ሰዓት ያህል ካልቆየ ላይታይ ስለሚችል፣ ኢንፌክሽን የለም ለማለት ብቻውን አይበቃም። ኪቶኑ፣ ማለትም ሰውነት ስብ ሲያቃጥል የሚፈጠረው ነገር፣ ከጾሙ ሊመጣ ይችላል። ቀኑን ሙሉ ውሃ ያልጠጣ ሰው ሽንትም ስለሚወፍር ፕሮቲኑ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል።

ጤና መኮንን፣ ከወልዲያ

በናሙናው ጉዳይ እስማማለሁ፤ ይሁን እንጂ ቀይ የደም ሴሉና ፕሮቲኑ በጾም ተመካኝተው እንዳይረሱ እሰጋለሁ። በአንድ እይታ 3 እና ከዚያ በላይ ቀይ የደም ሴል ምክንያቱ መፈለግ ያለበት ነው። የወር አበባ ያቆመች ሴት ላይ ሲገኝ ጠጠር፣ የኩላሊት ሕመም፣ ከዕድሜዋም አንጻር የፊኛ ዕጢ ይታሰባል። በንጹሕ ናሙና ተደግሞ ከተገኘ አልትራሳውንድ መነሣትና የሽንት ቧንቧ ሐኪም ማየት ያስፈልጋታል። የደም ግፊት ያለባት በመሆኗ ደግሞ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየውን የደም ምርመራ፣ ክሬአቲኒን፣ ትለካ፤ የሽንት ፕሮቲኗም መጠኑ በትክክል ይታወቅ።

ስለ ሲፕሮው፣ ወዳዘዘላት ባለሙያ ተመልሳችሁ ሕመም እንደማይሰማት ንገሩት። ነፍሰ ጡር ባልሆነች ሴት ላይ፣ የሽንት ቧንቧ ቀዶ ሕክምና ካልተቃረበ በቀር፣ ባክቴሪያ ቢገኝ እንኳ ምልክት ከሌለ ባብዛኛው አይታከምም። ካልቸር (ባክቴሪያውን አብቅሎ የሚለይ ምርመራ) የሚላክ ከሆነ ከመጀመሪያው ክኒን በፊት ይወሰድ፤ መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ ባክቴሪያው ሳይበቅል ሊቀር ይችላል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ሕመም ወይም የሚታይ ደም ከመጣ ግን በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይዛችኋት ሂዱ።

ጠያቂ፣ ከኮምቦልቻ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ነገ ናሙናውን እናስደግማለን። ጎረቤቶቻችን ግን እናቴ ቦርከና ወንዝ ስለምትወርድ ደሙ የቢልሃርዚያ (ከወንዝ ውሃ የሚይዝ ትል) ነው ይላሉ። ይሆን?

የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ከደሴ

በሐርቡና በከሚሴ የሚታወቀው የአንጀት ቢልሃርዚያ ነው፤ እንቁላሉ የሚፈለገው በሰገራ ስለሆነ የሽንቱን ደም በእሱ ማሳበብ አይገባም። ወንዝ የምትወርድ ከሆነ ሰገራዋን ማስመርመር ግን ተገቢ ነው። ደም የሚያሸናው ዓይነት በአፋር ቆላ፣ በአዋሽ ሸለቆ ይገኛል። በዚያ ኖራ ወይም ሠርታ ከሆነ ለላቦራቶሪው ትንገር። ያን ጊዜ ሽንቱ የሚወሰደው ከጧቱ 4 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ እንቁላሉ በብዛት የሚወጣው በእነዚያ ሰዓቶች በመሆኑ፣ መጨረሻ ላይ የሚወጣው ጠብታም አብሮ ይያዝ።