ሞተር ካጠፋሁ በኋላ ሙቀቱ ለምን ይጨምራል?

ጥያቄ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ከአባይ በረሃ ዳገቱን ወጥቼ ጎሃ ጽዮን ቆሜ ሞተሩን እንዳጠፋሁ የሙቀት ጌጁ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ቱርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባው) ያለው ዲዝል ፒካፕ ነው፣ ምን ላርግ?

መልስ፦ ወንድሜ ሞተሩ ሲጠፋ የውሃ ፓምፑም አብሮ ይቆማል፣ ውሃው ስለማይዞር የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሙቀት መውጫ ያጣል ለዛ ነው። ዳገቱን እንደጨረስክ ቀስ ብለህ ንዳ ከዛ ቆመህ ነዳጅ ሳትሰጥ 2 ደቂቃ ያህል ሞተሩን ሳታጠፋ ተወው፣ አለበለዚያ ቱርቦው ውስጥ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ ይጋገርና ቱርቦህን ይበላዋል።

መልስ፦ ካጠፋህ በኋላ ኮፈኑን ክፈተው በጣም ይረዳል። የራዲያተሩን ክዳን ግን ሳይበርድ እንዳትነካ በእናትህ!!

መልስ፦ ትንሽ ወጥቶ ከወረደ ኖርማል ነው፣ እየነዳህም ከወጣ ግን ራዲያተሩንና ፋኑን አስፈትሽ። ቴርሞስታቱን (እንደ ሙቀቱ የውሃውን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋውን) አውጥተህ ጣለው የሚሉህን አትስማ