ወደ ጮቄ በብስክሌት ስንወጣ የምንጠጣው ውኃ በረዶ እንዳይሆን ምን ይሻላል?

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ጥቂት ጓደኞቼ ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ በተለይም በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ከደብረ ማርቆስ ተነሥተን በሮብ ገበያ በኩል ወደ ጮቄ በብስክሌት እንወጣለን። ቀን ቀን ፀሐዩ ስለሚበረታ ችግር የለም፤ ችግሩ የሚመጣው ተራራው ላይ አድረን፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ወደ ድጎ ጽዮን ጉዞ ስንቀጥል ነው። ፍሬሙ ላይ የሚታሰረው የውኃ ጠርሙስ መጠጫው በበረዶ ይደፈንና በጥርስ ቢስቡትም ሆነ በእጅ ቢጨምቁት አንዲት ጠብታ አይወጣውም፤ ውስጡ ግን ውኃው ሲንቦጫረቅ ይሰማል። ፀሐይ ወጥታ እስክታላቅቀው ድረስ ዳገቱን በደረቅ ጉሮሮ መግፋት ግድ ይሆናል። ፔርሙዝ መያዝ እንደሚቻል አውቃለሁ፤ ነገር ግን ክብደቱ ለዳገት አይመችም፣ ያለኝም ፔርሙዝ ከጠርሙስ መያዣው ውስጥ አይገባም። ሌላ ዘዴ የምታውቁ ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፣ የፊዚክስ መምህር፣ ከሞጣ

ውድ ጠያቂ፣ የመልሱን ግማሽ በጥያቄዎ ውስጥ አስቀምጠውታል። ውኃው እየተንቦጫረቀ መጠጫው ብቻ መደፈኑ፣ ጠርሙሱ በሙሉ በረዶ ለመሆን ገና ብዙ ሙቀት ማጣት እንደሚቀረው ያሳያል። አንድ ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ ወደ ዜሮ ለመውረድ 20 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይለቃል፤ ዜሮ ላይ ከደረሰ በኋላ ሙሉ በሙሉ በረዶ ለመሆን ግን ተጨማሪ 80 ኪሎ ካሎሪ መልቀቅ አለበት። ስለዚህ በጥቂት ሰዓት ጉዞ ሙሉው ጠርሙስ ይረጋል የሚለው ስጋት በእኛ አገር ብርድ ብዙም አያሳስብም። መጠጫው ላይ የምትቀረው ጠብታ ግን እጅግ ጥቂት ስለሆነች ወዲያው ትረጋለች።

በእኔ ግምት ነገሩ የሚበላሸው በጉዞው ላይ ሳይሆን ሌሊቱን ነው። በበጋ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ምድር የምትለቀውን ሙቀት መልሶ የሚያወርድ ደመና አይኖርም፤ ቅዝቃዜውም ፀሐይ ልትወጣ ስትል፣ ማለትም እናንተ በምትነሡበት ሰዓት፣ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ይደርሳል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር ጥቂት ከፍ ትላለች፤ የጮቄ አናት ደግሞ 4000 ሜትርን ያልፋል። በየ1000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል ብንል፣ ከተማው ውስጥ ጋቢ የሚያስደርብ ብርድ ተራራው ላይ ውርጭ ይሆናል ማለት ነው። ደጅ ባደረ ብስክሌት ላይ ታስሮ ያደረ ጠርሙስ እንግዲህ ገና ከመነሻው ዜሮ አጠገብ ደርሷል፤ ከዚያ በኋላ ጥቂት ነፋስ ይበቃዋል። ነፋሱ ራሱ ውኃውን ከአየሩ ሙቀት በታች አያወርደውም፤ ወደ አየሩ ሙቀት የሚደርስበትን ጊዜ ግን በጣም ያሳጥረዋል።

ስለዚህ ማታ ጠርሙሱን ከብስክሌቱ አውጥታችሁ ከምትተኙበት ቤት አስገቡት። ድንኳን ውስጥ የምታድሩ ከሆነ የማደሪያችሁን ቦታ ምረጡ፤ ቀዝቃዛ አየር ስለሚከብድ ወደ ረግረጉና ወደ ጎድጓዳው ይወርዳል፤ ሜዳው በአመዳይ ነጭ ሆኖ፣ ከጎኑ ያለው ተዳፋት ላይ የበቀለው ጓሳ ግን ምንም ሳይነካው የሚነጋው በዚህ ምክንያት ነው። ጠዋት ደግሞ ጠርሙሱን ገልብጣችሁ፣ ክዳኑን ወደ ታች አድርጋችሁ ሰኩት። ከ4 ዲግሪ በታች የወረደ ውኃ ከሥሩ ካለው ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል፣ በረዶውም እዚያው ከላይ ይጀምራል፤ የተገለበጠ ጠርሙስ ላይ በረዶው የሚይዘው ቂጡን እንጂ አፉን አይሆንም። ክዳኑ የማያፈስ መሆኑን ግን አስቀድማችሁ ፈትሹ፤ በዚያ ሰዓት በውኃ የራሰ ሱሪ ከጥሙ የባሰ ነው።

መልስ፣ ከባሕር ዳር

እኔ የምጠቀመው በጀርባ የሚታዘለውንና ቱቦ ያለውን የውኃ ቦርሳ ነው። ቦርሳው ከጃኬት ሥር ከታዘለ ከገላ ሙቀት የተነሣ አይረጋም፤ የሚረጋው ቱቦው ነው። በጠጡ ቁጥር ወደ ቱቦው ትንፋሽ ነፍተው በውስጡ የቀረውን ውኃ ወደ ቦርሳው ቢመልሱት አይደፈንም። ከዚህ ሌላ፣ አንዳንድ ጓደኞቼ ውኃው ላይ ጥቂት አረቄ ጠብ ያደርጉበታል፤ ይረዳል ይላሉ።

መልስ፣ ነርስ፣ ከሮብ ገበያ

የቱቦው ምክር ጥሩ ነው፤ አረቄውን ግን እለፉት። ውኃው ከዜሮ በታች ወደ 4 ዲግሪ ገደማ ወርዶ እንዲረጋ ለማድረግ የአልኮሉ መጠን 10 በመቶ መድረስ አለበት፤ ይህም ከአብዛኛው ጠላ የበረታ መጠጥ ይዞ ቁልቁለት መውረድ ማለት ነው። ጠብታው ደግሞ ለውኃው ምንም አይፈይድም። አልኮል ከቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ሰውየው የሞቀው ይመስለዋል እንጂ ሙቀቱ በቶሎ ያመልጠዋል። ጨውም ቢሆን በሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ቢጨመር በረዶ የሚሆንበትን ሙቀት ከግማሽ ዲግሪ በታች ነው የሚያወርደው፤ ከዚያ በላይ ቢጨመር ደግሞ ጥሙን ያብሳል።

እዚህ ደጋው ላይ እኛ የምናደርገው ቀላል ነው። ጠርሙሱን ወፍራም የሱፍ ካልሲ ውስጥ እንከተዋለን፣ ወይም ያረጀ ባና ቆርጠን አፉ ድረስ እንሰፋለታለን። ካልሲው ደረቅ መሆን አለበት፤ የረጠበ ከሆነ እየተነነ ውኃውን ጭራሽ ያቀዘቅዘዋል። ወደ ዓባይ በረሃ የምትወርዱ ዕለት ሆን ብላችሁ ብታረጥቡት ግን ትመርቁኛላችሁ። ትንሽ ጠርሙስ ከሆነ ከጃኬቱ ሥር፣ ደረት ላይ መያዝ ከሁሉ ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በብርድ ጊዜ የጥም ስሜት ይቀንሳል፣ ሽንት ግን ይበዛል፤ በደረቁ የደጋ አየር ዳገት ሲወጡ በትንፋሽ የሚወጣውም እርጥበት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ባይጠማችሁም በየጊዜው ጎንጨት በሉ፤ ደጋግሞ መጠጣቱ መጠጫው እንዳይደፈንም ይረዳል።

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጠዋት የፈላ ውኃ ሞልተን ብንነሣስ? የምንይዘው አንዳንዴ ተራ ሃይላንድ ስለሆነ ይጎዳው ይሆን ብዬ ነው።

መልስ፣ የፊዚክስ መምህር፣ ከሞጣ

በዚያ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ እንኳ ሳይሞላ ነው፤ ሆኖም ለሃይላንድ ያም ይበዛበታል፤ ፕላስቲኩ ይኮማተርና ቅርጹን ያጣል። እጅ የሚችለው ሙቀት ላይ ሲደርስ ወፍራም የብስክሌት ጠርሙስ ውስጥ ጨምሩት፣ ከዚያ ካልሲውን አልብሱት። እስከ አፉም አትሙሉት፤ ውኃ ሲረጋ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ሞልቶ ደጅ የተረሳ ጠርሙስ ይሰነጠቃል። ፔርሙዙን በተመለከተ፣ ለሁላችሁ አንድ ብቻ ይዛችሁ ተራ በተራ ብትሸከሙት፣ መጠጫው የተደፈነበት ሰው ትኩስ ውኃ ያፈስበትና ይለቅለታል።