የመጤ ተምችን ቁጥር የሚወስነው የትኛው ነው? የእርዳታ ጥያቄ

ክቡራን የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያዎች፣

በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው የአሜሪካ መጤ ተምች በበቆሎ ላይ ቁጥሩ የሚጨምርበትንና የሚቀንስበትን ምክንያት ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያዬ እያጠናሁ ሳለ፣ ብቻዬን ልፈታው ያልቻልኩት ችግር ገጥሞኛልና እርዳታችሁን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ዩሪያ በተጨመረበት መደብ ያገኘሁት የእንቁላል ክምር ካልተጨመረበት ይበልጣል፤ ናይትሮጅን የበዛበት ቅጠል ለትሉ የተሻለ ምግብ ስለሚሆን ይህን ጠብቄው ነበር። ነገር ግን ትሎቹ ካደጉ በኋላ በሁለቱም መደቦች፣ በተጠቀለሉት የመሃል ቅጠሎች ውስጥ የማገኘው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ትል ብቻ ነው። ትልልቆቹ ትንንሾቹን እንደሚበሉ አውቃለሁ፤ ሆኖም በዚያው ሳምንት ከባድ ዝናብ ስለጣለ ገና የተፈለፈሉትን አጥቦ ወስዷቸው ሊሆን ይችላል። ሰብስቤ ካሳደግኋቸው ትሎች ከጥቂቶቹ ደግሞ ትሉ አድጎ የሚሆናት የእሳት እራት ሳትሆን፣ በትሉ ውስጥ አድጎ የሚገድለው ጥገኛ ተርብ ወጥቷል፤ ገበሬው ያለ መርዝ የሚያገኘው ረዳት ነውና ይህን ሳይ በጣም ተደስቻለሁ።

ታዲያ የእርስ በርስ መበላላትን፣ የዝናብንና የተርቡን ድርሻ ለየብቻ እንዴት ልለካ? ከፊሉን ተክል በስስ መረብ ሸፍኜ ተርቦቹን ብከለክል፣ መረቡ የዝናቡንም ኃይል ስለሚያበርድ ውጤቱን እንዳያዛባብኝ እሰጋለሁ። ከእንቁላል እስከ ፑፓ (ትሉ ወደ እሳት እራት የሚለወጥበት ደረጃ) ያለውን ሞት በየዕድገት ደረጃው መመዝገብስ ያለ መረብ ብቻውን ይበቃል? የሚቀጥለው በቆሎ ከመዘራቱ በፊት የመደቦቹን አቀማመጥ መወሰን ስላለብኝ፣ በመስክ የሞከራችሁትን ዘዴ ብትነግሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።