ሳጥን ላይ ሐረግ በብዕር ስስል ቀለሙ ይሰራጭብኛል፤ ምን ላድርግ?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለእናቴ የጌጣጌጥ ማስቀመጫ የምትሆን ትንሽ የዝግባ ሳጥን አሠርቻለሁ። ክዳኗ ላይ እንደ ብራና መጻሕፍቱ ሐረግ፣ ማለትም የጥልፍልፍ ጌጥ፣ በጥቁር ቀለም መሳል እፈልጋለሁ። ቀለም እየነከሩ በሚጽፉበት ብዕር ቁራጭ እንጨት ላይ ስሞክር ግን መስመሩ የእንጨቱን ጭረት ተከትሎ ይሰራጫል። ቀጭን መስመር እንዴት ነው የሚወጣው? ከላይስ ምን ልቀባው?

አናጢው፦
እህቴ፣ ዝግባ መምረጥሽ በጣም ጥሩ ነው። ፈካ ያለና ለስላሳ ስለሆነ ጥቁር ቀለም ጎልቶ ይታይበታል። ዋንዛ ቢሆን ጠቆር ስለሚል ድካምሽ አይታይም ነበር።

ጥፋቱ የብዕሩ አይደለም። እንጨቱ ጥሬ ስለሆነ ቀለሙን ይጠጣዋል። በ180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምረሽ እስከ 320 አለስልሺው፤ ሁልጊዜ በጭረቱ አቅጣጫ። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ አድርጊው። ሲደርቅ የእንጨቱ ስስ ጸጉር ይቆማል፤ በ320ው እንደገና ላጪው። አቧራውን አራግፈሽ በአልኮል የቀጠነ ሼላክ (ሲደርቅ እንጨቱን የሚሸፍን የሙጫ ቅብ) አንድ ጊዜ ብቻ ቀቢው። በደንብ ሲደርቅ በ400 ዳሰስ አድርጊው። በጣም ካብረቀረቀ ቀለሙ አይዝም፤ ነጠብጣብ እየሆነ ይሰበሰባል።

ከለንደን፦
ይህ ሙያ እዚህ እንግሊዝ ፔንወርክ ይባላል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ በጣም ይወደድ ነበር። የሻይ ቅጠል ሳጥን፣ የስፌት ሳጥን፣ የቼዝ ገበታ ሳይቀር ይሠሩበት ነበር። ብዙ ሴቶችም ቤታቸው ተቀምጠው ይሠሩት ነበር። ከሕንድ ከተማ ከቪዛጋፓታም ይመጣ የነበረውን፣ በዝሆን ጥርስ ላይ ተቀርጾ ጥቁር የተሞላበትን ዕቃ የሚመስሉ ሥራዎች አሉ።

ከእነሱ ብትወስጂ የምመክርሽ አንድ ነገር ነው። ጌጡን በጥቁር አትሳዪ፤ ዙሪያውን አጥቁሪ። ጌጡ የእንጨቱን መልክ እንደያዘ ይቀራል። ሰፊውን ቦታ በቀጭን ብሩሽ ሙዪ፣ ጠርዙንና የቅጠሉን ጅማት ለብዕሩ ተዪለት። ሲያልቅ የተሳለ ሳይሆን እንጨት በእንጨት ላይ የተገጠመ ይመስላል። በእውነት ደስ ይላል!

የብራና ተማሪ፦
ለሐረግ ሁሉን ማጥቆር አልወድም፤ ይከብደዋል። በጥልፍልፉ መሐል ያሉትን ክፍተቶች ብቻ ብታጠቁሪ ይበቃል። መጀመሪያ በእርሳስ እኩል ካሬዎች አስምሪ። አንዱ ክር አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች ማለፍ አለበት። መገናኛዎቹን ሁሉ ቀድመሽ ምልክት ካላደረግሽባቸው መጨረሻ ላይ አይገጥምልሽም።

ስለ ቀለሙ፦ ከጥላሸትና ከሙጫ የሚዘጋጀው ባህላዊ ቀለም ለብራና ግሩም ነው፤ ለሳጥን ግን እርጥብ እጅ ሲነካው ሊለቅ ይችላል። ሲደርቅ ውኃ የማያስለቅቀውን ኢንዲያን ኢንክ ግዢ። የተራ እስክሪብቶና የማርከር ቀለም ይቅርብሽ።

መስመር ከሳተ አትደንግጪ። ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቂና ምላጭ ቀጥ አድርገሽ ይዘሽ ላይ ላዩን ፋቂው፤ ብራና ላይም እንዲሁ ነው የሚደረገው። ነገር ግን የተፋቀው ቦታ ሼላኩ ስለተነሳ እንደገና ጠብታ ቀቢው። አለዚያ እዚያች ቦታ ላይ ይሰራጫል።

ጀማሪዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ከላይም ያንኑ ሼላክ ልድገመው?

አናጢው፦
በብሩሽ ከሆነ ተጠንቀቂ። አልኮሉ የታችኛውን ሼላክ መልሶ ያሟሟዋል፤ ቀለሙም አብሮት ይሄዳል። ቢያንስ አንድ ቀን አድርቂውና በስፕሬይ ስስ ስስ አድርገሽ ደራርቢው፤ በየመሐሉ ይድረቅ። ስፕሬይ ካጣሽ በውኃ የሚቀጥን ቫርኒሽ ይሻላል። የትኛውንም ቢሆን መጀመሪያ ቁራጯ ላይ ሞክሪ። ማጠፊያውንና ቁልፉን ደግሞ ከመቀባትሽ በፊት ፍቺ።